ለምን እዚህ? ባሕር ተሻግሮ የሚመጣን ምርምር ማን ይመረምረዋል

ዲሴምበር 2025 ላይ የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ለአንድ የዴንማርክ የምርምር ቡድን 1.6 ሚሊዮን ዶላር መመደቡ ተሰማ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥናቱ የታሰበው ግን አሜሪካም ዴንማርክም ውስጥ አልነበረም፤ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ባለችው ትንሽ አገር በጊኒ ቢሳው ነው። 14,000 ያህል አራስ ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ የሄፓታይተስ ቢን ክትባት እንደተወለዱ ያገኛሉ። ሌሎቹ በአገሪቱ የወቅቱ አሠራር መሠረት 6 ሳምንት እስኪሞላቸው ይጠብቃሉ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ልጆቹን እየተከታተሉ ክትባቱ በጠቅላላ ጤናቸው ላይ ያመጣውን ለውጥ ይመዘግባሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃናት ሁሉ ይህን ክትባት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያገኙ መምከር ከጀመረ ከ2009 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቫይረሱ ሲወለድ የያዘው ሕፃን ከ10 ዘጠኙን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ ብዙዎቹም ጎልማሳ ሲሆኑ የጉበት መጠንከርና ካንሰር ይጠብቃቸዋል። ጊኒ ቢሳው ደግሞ ቫይረሱ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት።

ተመራማሪዎቹ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አገሪቱ ክትባቱን ለአራሶች ገና አልጀመረችም፤ ስለዚህ ጥናቱ ከማንም የሚነጥቀው ነገር የለም፤ እንዲያውም ያለ ጥናቱ እንደተወለዱ የማያገኙት ግማሾቹ ልጆች ያገኙታል። ተቺዎቹ ደግሞ እንዲህ አሉ፦ ገዳይ በሽታን እንደሚከላከል የምታውቁትን ክትባት በእጃችሁ ይዛችሁ፣ አጠገቡ ቆማችሁ፣ ሌላውን ግማሽ ስድስት ሳምንት ጠብቅ ልትሉት ነው? በዚያው ወር የአሜሪካ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ ክትባቱ ለአራሶች ሁሉ ይሰጥ የሚለውን የቆየ ምክር ማላላቱ ነገሩን አባባሰው። ጥያቄው የቢሳው እናቶች ጥያቄ ነው ወይስ የዋሽንግተን ክርክር ማስረጃ ፍለጋ? ብሎ የጠየቀ ሁሉ ተንኮለኛ ሊባል አይችልም።

ጃንዋሪ 2026 ላይ ለጥቂት ቀናት ግራ የሚያጋባ ነገር ታየ። ከአፍሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በኩል ጥናቱ ተሰርዟል ተባለ፤ ከአሜሪካ ጤና መሥሪያ ቤት በኩል ደግሞ እንደታቀደው ይቀጥላል ተባለ። ወሩ ሳያልቅ የጊኒ ቢሳው ጤና ሚኒስትር ጥናቱ ሳይንሱም ሥነ ምግባሩም እንደገና እስኪታይ መቆሙን አስታወቁ። ገንዘቡ የአሜሪካ፣ ተመራማሪዎቹ የዴንማርክ፣ ሕፃናቱ የቢሳው። ታዲያ ፈቃድ ሰጪው ማን ነበር?

እዚህ ላይ ነው የእኔ ክርክር የሚጀምረው። በሰው ላይ የሚደረግ ምርምርን የሚገመግሙ ኮሚቴዎች ‘እንዴት’ የሚለውን አብዝተው ይጠይቃሉ፦ ቅጹ እንዴት ይነበባል፣ ደሙ እንዴት ይቀዳል፣ መረጃው እንዴት ይቆለፋል። ‘ለምን እዚህ?’ የሚለውን ግን እያንዳንዱ ኮሚቴ ሌላው ጠይቆታል ብሎ ያልፈዋል።

ሁለት ባላ

አሠራሩን ቀርቦ ላላየው ሰው፦ ተመራማሪው ፕሮቶኮሉን፣ ማለትም የጥናቱን ዝርዝር ዕቅድ፣ ጽፎ በመጀመሪያ ለራሱ ዩኒቨርሲቲ ገምጋሚ ኮሚቴ ያቀርባል። የእኛ ሰዎች አይአርቢ ይሉታል። ከዚያ ጥናቱ በሚካሄድበት አገር ላለው ኮሚቴ ያቀርባል። ሁለቱ ሲፈቅዱ ‘ኤቲካል ክሊራንስ አገኘሁ’ ይላል። ከ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫ ጀምሮ ሲገነባ የመጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በሁለቱም ወገን መገምገም ይገባል ይላል። የአሜሪካ ሕግም ቢሆን በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሠራን ጥናት ገንዘቡ እስከሄደበት ድረስ ይከተለዋል።

‘ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል’ ይባላል፤ ሐሳቡ ያ ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ቦስተን ወይም ኮፐንሃገን የተሰበሰበው ኮሚቴ ‘የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች ናቸው’ ይላል። የአገሩ ኮሚቴ ደግሞ ‘ይህን ያህል ትልቅ ዩኒቨርሲቲ መርምሮ አሳልፎታል’ ይላል። ሁለቱ ባላዎች መሬት ላይ ሳይተከሉ አንዱ በሌላው ተደግፎ ቆሟል።

የአገር ቤቱ ኮሚቴ አባላት ሥራውን በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ሐኪሞችና መምህራን ናቸው። ፊታቸው የሚቀመጠው ፕሮቶኮል ወፍራም ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ይፈለጋልም ቶሎ። ፕሮጀክቱ መኪና፣ ላቦራቶሪ፣ ደመወዝና የዶክትሬት ዕድል ይዞ ይመጣል፤ ኮሚቴው የተቀመጠበት ተቋም ራሱ ተጠቃሚ ነው። እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ‘አይሆንም’ ማለት ከባድ ነው። ጥናቱን ይዞ የሚመጣው ውጭ አገር የሚማር የራሳችን ልጅ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይላላል። የራስን አገር ሰው ‘ለምን እዚህ?’ ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስላል።

ነገሩ የጥቂት ጥናቶች ጉዳይ እንዳይመስል አንድ ቁጥር ልጥቀስ። የአሜሪካ ጤና መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2008 የበጀት ዓመት ለገበያ ከተፈቀዱት የመድኃኒት ማመልከቻዎች 80 በመቶው ከአሜሪካ ውጭ የተሰበሰበ መረጃ ነበረባቸው። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በአካል ሄዶ ያያቸው የውጭ የሙከራ ጣቢያዎች ግን 0.7 በመቶ ነበሩ። ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም።

በአገራችን ልናደርገው የማንችለው

‘ለምን እዚህ?’ ለሚለው ጥያቄ በታሪክ ከተሰጡት መልሶች እጅግ ግልጹ ከጓቴማላ ይመጣል። ከ1946 እስከ 1948 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሐኪሞች፣ በዶክተር ጆን ካትለር መሪነት፣ እዚያ እስረኞችን፣ ወታደሮችን፣ የአእምሮ ሕሙማንንና ሴተኛ አዳሪዎችን ሆን ብለው ለቂጥኝ፣ ለጨብጥና ለከርክር አጋለጡ። ቁጥራቸው ከ1,300 በላይ ነበር። ሰነዶቹን ፈልፍላ ያወጣችው የታሪክ ምሁሯ ሱዛን ሬቨርቢ ናት፤ ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2010 ይቅርታ ጠየቁ። ከደብዳቤዎቹ በአንዱ እንደተመዘገበው፣ የወቅቱ የአሜሪካ የጤና ኃላፊ ስለ ሙከራው ሲሰሙ ዓይናቸው በደስታ ብልጭ ብሎ፣ ይህን በእኛ አገር ልናደርገው እንደማንችል ታውቃለህ አሉ።

ሰዎች የሚረሱት ሌላ ነገር አለ። የጓቴማላ የጤና ባለሥልጣናት ያውቁ ነበር፤ ተባብረዋልም። የአገሩ ሰው ፊርማ ያኔም ነበረ።

ጓቴማላ ሩቅ ዘመን ነው፣ የናዚ ሐኪሞች ከተፈረደባቸው ከ1947ቱ የኑረንበርግ ፍርድ ጋር የተደራረበ ነው ሊባል ይችላል። ኤዜድቲ በተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ የተነሣው የ1990ዎቹ ክርክር ግን ሁሉም ወገን ሕግ አክባሪ፣ ሁሉም ወገን ቅን በነበረበት ጊዜ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልቆይበት።

በ1994 አሜሪካና ፈረንሳይ ውስጥ የተካሄደ ሙከራ ኤዜድቲ ለነፍሰ ጡሯ፣ በምጥ ጊዜ፣ ከዚያም ለአራሱ ሲሰጥ ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን ዕድል በሁለት ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። በሀብታሞቹ አገሮች ወዲያው መደበኛ ሕክምና ሆነ። ዋጋው ግን ለአንዲት እናት 800 ዶላር ገደማ ነበር፤ በምጥ ሰዓት በደም ሥር የሚሰጥ መጠንም ነበረው። ለአንድ ሰው በዓመት ጥቂት ዶላር ብቻ ለጤና የምታወጣ አገር ይህን ልትገዛ አትችልም። ስለዚህ አጠር ያለና ርካሽ አሰጣጥ ይሠራ እንደሆነ ለማየት በአፍሪካና በእስያ ሙከራዎች ተጀመሩ። በብዙዎቹ ላይ ግማሾቹ እናቶች የተሰጣቸው ማስመሰያ እንክብል፣ ፕላሴቦ፣ ነበር። ምንም መድኃኒት የሌለበት።

በ1997 ፐብሊክ ሲቲዝን የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ተሟጋች ድርጅት ሐኪሞች ፒተር ሉሪና ሲድኒ ዉልፍ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ መዲሲን ላይ ጉዳዩን አፈነዱት። የመጽሔቱ አርታኢ ማርሻ ኤንጅልም ነገሩን ጥቁር አሜሪካውያን ያለ ሕክምና ከተተዉበት ከተስኪጊው የቂጥኝ ጥናት ጋር አነጻጸረችው። የአሜሪካ የጤና ተቋማት ኃላፊዎች ሃሮልድ ቫርመስና ዴቪድ ሳቸር ደግሞ በዚያው መጽሔት መለሱ፤ እነዚህ እናቶች ከጥናቱ ውጭ የሚያገኙት ምንም ነው፤ ፕላሴቦው ከእውነታቸው አያወርዳቸውም አሉ። የኡጋንዳ የኤድስ ምርምር ኮሚቴ ሰብሳቢም ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ጥናቱ የኡጋንዳውያን ነው፣ ተመራማሪዎቹም ተጠኚዎቹም ኡጋንዳውያን ናቸው፣ የሚበጀንን እኛ እናውቃለን የሚል መንፈስ ያለው። ይህ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ለአፍሪካ ተቆርቋሪ የሆነው ወገን አፍሪካዊውን ገምጋሚ ሳይጠይቅ ሊፈርድለት ተነሥቶ ነበርና።

በፌብሩዋሪ 1998 የታይላንዱ ሙከራ ውጤት ወጣ፤ አጭሩ አሰጣጥ መተላለፉን በግማሽ ቀነሰ። የፕላሴቦ ምድቦቹም ተቋረጡ። ‘ይኸው፣ ተሳካ’ ያሉ ነበሩ። ግን እዚያው ታይላንድ ውስጥ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አጭሩን አሰጣጥ ከረጅሙ ጋር የሚያነጻጽር፣ ማንንም ያለ መድኃኒት የማይተው ጥናት ነድፈው ነበር። ሌላ መንገድ አልነበረም የሚለው ስለዚህ ሙሉ እውነት አይደለም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ‘የአካባቢው ደረጃ’ የሚባለው ነገር፣ ማለትም በአገሩ የተለመደው ሕክምና፣ እንደ ዝናብና ድርቅ ከላይ የመጣ ተደርጎ ይነገራል። ኤዜድቲን 800 ዶላር ያደረገው ግን ሰማይ አይደለም፤ ዋጋ ያወጣ ኩባንያ አለ። ድህነቱን የጥናቱ መነሻ ካደረጉት በኋላ የጥናቱ ማረጋገጫም ያደርጉታል፤ ‘ምንም ስለሌላቸው ምንም ብንሰጣቸው አንጎዳቸውም’። የጊኒ ቢሳው ክርክር ቃል በቃል ይኸው ነው፤ በኤዜድቲ ፈንታ ክትባት ገባ እንጂ። እንዲያውም የቢሳው ይብሳል፤ የኤዜድቲው ጥናት ቢያንስ ለድሃ አገር የሚሆን መድኃኒት ፍለጋ ነበር። ቢሳው ውስጥ የሚሰጠው ክትባት የታወቀ፣ ርካሽ፣ ከመቶ በላይ አገሮች የሚሰጡት ነው።

ክርክሩ መመሪያ ወለደ። የሄልሲንኪ መግለጫ በ2000 ሲሻሻል አዲስ ሕክምና መነጻጸር ያለበት ካሉት ሁሉ ምርጥ ከሆነው ጋር ነው አለ። ኤፍዲኤ ግን በ2008 ለውጭ አገር ሙከራዎች ሄልሲንኪን መጥቀሱን ትቶ፣ ‘መልካም የክሊኒካል አሠራር’ የሚባለውን ይበልጥ ቴክኒካዊ መመሪያ ያዘ። ዜናው ብዙ ሰው ሳያስተውለው አለፈ።

የካኖው ደብዳቤ

በ1996 ሰሜን ናይጄሪያ ከባድ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ወረዳት፤ ከ10,000 በላይ ሰው ሞተ። በካኖ የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ድንበር የለሽ ሐኪሞች በነፃ እያከሙ ነበር። በዚያው ግቢ ፋይዘር ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒት ይዞ መጣና 200 ልጆችን መዘገበ። መቶዎቹ ትሮቫን፣ መቶዎቹ ሴፍትሪያክሶን የተባለ የታወቀ መድኃኒት ተሰጣቸው። 11 ልጆች ሞቱ፤ አምስቱ ከትሮቫን ምድብ፣ ስድስቱ ከሌላው። ሌሎች አካል ጉዳተኛ ሆነው ቀሩ። የሞቱ ቁጥር በሁለቱም ምድብ ተቀራራቢ ነበር፤ ኩባንያው መድኃኒቱ ሕይወት አትርፏል ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራክሯል። ወላጆቹ ደግሞ ልጆቻቸው ሙከራ ውስጥ እንደገቡ አልተነገረንም፤ ለማነጻጸሪያ የቀረበው መድኃኒትም መጠኑ ተቀንሶ ነበር አሉ።

የሥነ ምግባር ፈቃዱስ? ደብዳቤ ነበር። ከአሚኑ ካኖ ማስተማሪያ ሆስፒታል የሥነ ምግባር ኮሚቴ የተጻፈ፣ ማርች 28 ቀን 1996 የተባለበት። ዋሽንግተን ፖስት ጉዳዩን በ2000 መጨረሻ ሲያጋልጥ ታወቀ፤ በዚያ ቀን በሆስፒታሉ እንዲህ ያለ ኮሚቴ አልነበረም። ደብዳቤው በኋላ ተጽፎ ቀኑ ወደ ኋላ የተመለሰ ነበር። ባላው ቆሞ የነበረው በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

የናይጄሪያ መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ሙከራውን ሕገ ወጥ ብሎታል። በ2009 ፋይዘር ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ በ2011 የመጀመሪያዎቹ አራት ቤተሰቦች ልጅ ለሞተባቸው 175,000 ዶላር አገኙ። ካሣውን ለማግኘት ግን የዘረመል ናሙና መስጠት ያስፈልግ ነበር። ያለ ፈቃዳችን ልጆቻችን ላይ ሞክረዋል የሚሉ ሰዎች፣ ለመካስ እንደገና ናሙና ስጡ ተባሉ። ብዙዎቹ አሻፈረኝ ማለታቸው ያስደንቃል?

ዳፋው ካኖ ላይ አልቆመም። በ2003 የሰሜን ናይጄሪያ ግዛቶች የፖሊዮን ክትባት አቆሙ፤ ካኖ እስከ 2004 አጋማሽ አልጀመረችም። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ወሬውም፣ ፖለቲካውም፣ የዘመኑ ጦርነትም አለበት። የትሮቫን ትዝታ ግን በእያንዳንዱ ክርክር ይነሣ ነበር። ቫይረሱ ከናይጄሪያ ወጥቶ ከፖሊዮ ነፃ የነበሩ አገሮችን አዳረሰ። ከ2001 ጀምሮ አንድም ሕሙም ያልተመዘገበባት ኢትዮጵያም ገፈቱን ቀመሰች፤ በ2004 መጨረሻ ከሱዳን በኩል ገባባት። ካኖ ውስጥ ቀኑ የተቀየረ አንድ ደብዳቤ ትግራይ ውስጥ ልጅ አሽመደመደ ማለት ማጋነን ነው፤ ሰንሰለቱ ብዙ ቀለበት አለው። ደብዳቤው ግን ከቀለበቶቹ አንዱ ነው።

የሐንሰን ስም

አዲስ አበባ፣ አለርት ግቢ ያለው የምርምር ኢንስቲትዩት አርማወር ሐንሰን ይባላል። በ1970 ከኖርዌይና ከስዊድን በመጣ ድጋፍ ሲቋቋም የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም ተሰየመ። ስሙን በየቀኑ ከምንጠራው ሰዎች ስንቶቻችን ቀጣዩን እንደምናውቅ እንጃ፤ ሐንሰን በ1879 በርገን ከተማ ውስጥ፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ለማሳየት፣ ከሌላ ሕመምተኛ የተወሰደ ነገር አንዲት ታካሚ ዓይን ውስጥ በመርፌ ከተተ። አልጠየቃትም። በ1880 ፍርድ ቤት ቀርቦ የሆስፒታል ሹመቱን ተነጠቀ። የሄልሲንኪ መግለጫ ሊጻፍ 84 ዓመት ሲቀረው፣ አንዲት ድሃ ሴት ‘ሳልጠየቅ’ ያለችውን ፍርድ ቤት ሰማ ማለት ነው። የኢንስቲትዩቱ ስም ይቀየር አልልም፤ እንዲያውም ለአንድ የምርምር ተቋም ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ አላውቅም።

ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ከውጭ የሚመጣ ጥናት ብዙ በር ያንኳኳል፤ የተቋሙን ኮሚቴ፣ ብሔራዊውን የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ፣ መድኃኒት ከሆነም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን። ደምም ሆነ ሌላ ናሙና ከአገር ሲወጣ የርክክብ ስምምነት ይጠየቃል። ተመራማሪዎች ወራት ይፈጃል ብለው ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው። በእኔ ዕይታ ችግሩ የበሩ ብዛት አይደለም፤ በየበሩ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

‘ለምን እዚህ?’ ጥሩ መልስ የሚያገኝበት ጊዜም አለ። ካላዛርን ውሰዱ። ሁመራና መተማ ወርደው ሰሊጥ የሚያጭዱ የቀን ሠራተኞችን ይዞ የሚገድል በሽታ ነው፤ ኤችአይቪ ያለበትን ሰው ሲይዝ ደግሞ እየተመላለሰ ነው። ሁለቱ በሽታዎች የተጣመሩበት ሰው እንዴት ይታከም የሚለውን ኦስሎ ውስጥ ሊያጠና የሚችል የለም፤ ሕሙማኑ ያሉት ጎንደርና አብዱራፊ ነው። ሙከራው እዚያ ተካሄደ፤ አምቢሶምና ሚልቴፎሲን የተባሉት መድኃኒቶች ተጣምረው ሲሰጡ የተሻለ ውጤት ታየ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህና ከሕንድ በተገኘው ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ መመሪያውን ቀየረ። በሽታው የእኛ፣ ጥያቄው የእኛ፣ መልሱም ለእኛ ሆነ። ቢሳውን ከዚህ አጠገብ አስቀምጣችሁ እዩት።

ዕጣና ፊርማ

አሁን ኮሚቴዎቹ አብዝተው ወደሚጨነቁበት ወደ ስምምነት ቅጹ ልመለስ። ቅጹ ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ አማርኛው አማርኛ አይመስልም። ገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ሲነበብ ያየ ሰው ያውቀዋል። አንባቢው ይቸኩላል፣ ሰሚው አንገቱን ይነቀንቃል።

ሁለት ቃላት ብቻ ላንሣ። ‘በዕጣ ትመደባላችሁ’ ይላል ቅጹ። ዕጣ ሲባል የእኛ ሰው የሚያስበው ዕቁብን ነው። ዕቁብ ላይ ደግሞ ዛሬ ያልወጣለት ሌላ ጊዜ ይወጣለታል፤ የማይደርሰው የለም። ሙከራው ላይ ግን ፕላሴቦ የወጣለት ዕጣው እዚያው አበቃ። ይህን ልዩነት ካላስረዱ ‘ተስማምታለች’ የሚለው ቃል ምን ይዟል? ሁለተኛው ‘ፈርሙ’ ነው። ለገበሬ ፊርማ ማለት የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ክርክር፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ተመራማሪው ሰውየውን ለመጠበቅ ያመጣው ፊርማ ሰውየው ዘንድ ሲደርስ ማስፈራሪያ ይሆናል። እንቢ ቢል ተመራማሪው ‘አልገባውም’ ይላል፤ እሱ ግን በሚገባ ገብቶታል።

ይህን ችላ ያላሉ ሰዎች አሉ። ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ወላይታ ውስጥ የእግር ዝሆኔን (ፖዶኮኒዮሲስን) የዘር መነሻ ለማጥናት ሲያስቡ ቀጥታ ደም ወደ መቅዳት አልሄዱም። ይህ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የተሸከመው በሽታ ነው፤ ‘በዘር ይመጣል’ ተብሎ ጋብቻ የሚያስከለክልም ነው። ታዲያ የዘር ጥናት ይህን መገለል ቢያባብሰውስ? ቡድኑ ዋናውን ጥናት ሳይጀምር ሕሙማኑን፣ ቤተሰቦቻቸውንና የአካባቢውን ሰው ቀድሞ ጠየቀ፤ ምን ትፈራላችሁ፣ ማን መጥቶ ቢነግራችሁ ታምናላችሁ? ከመልሶቹ አንዱ፣ የማናውቀው ሰው ከሚመጣብን ቀድሞ የሚያክሙን ሠራተኞች ይንገሩን የሚል ነበር። የስምምነቱ ሂደት በዚያ መሠረት ተቀረጸ፤ ይህ በ2009 ታተመ፤ የዘር ጥናቱ ውጤት ራሱ ደግሞ በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ወጣ። ብዙ ወጪ አልጠየቀም። የጠየቀው ጥቂት ሳምንታትና ጆሮ ነው።

ሲሄዱስ?

ኮሚቴዎቹ ብዙም የማይጠይቁት ሌላ ነገር አለ፤ አጥኚው ሲሄድ ምን ይቀራል? ዓለም አቀፍ መመሪያዎቹ ጥናቱ ሲያበቃ ተሳታፊው የጠቀመውን ነገር የሚያገኝበት መንገድ አስቀድሞ ይታሰብ ይላሉ። ፕሮቶኮሎቹም ስለዚህ አንድ አንቀጽ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ አጭር፣ ብዙ ጊዜ ‘ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመመካከር’ የሚል።

በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የዩኤስኤአይዲን ሥራ በአንድ ጊዜ ሲያስቆም የዚህ አንቀጽ ባዶነት ታየ። በተለያዩ አገሮች የሚካሄዱ ሙከራዎች መሀል ላይ ቆሙ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሞከር ቀለበት በሰውነታቸው ውስጥ የተቀመጠላቸው ሴቶች ነበሩ፤ ተመራማሪዎቹ በትእዛዙ መሠረት ሥራ አቁሙ ተብለዋል። እንዲህ ያለ ጥናት የሚያጸድቁ ኮሚቴዎች የመርፌውን ስፋት፣ የቅጹን ቋንቋ፣ የትራንስፖርት አበሉን ይመረምራሉ። ‘ገንዘብ ሰጪው ነገ ጠዋት ቢጠፋ ይህን ቀለበት ማን ያወጣዋል?’ ብሎ የሚጠይቅ ቦታ ግን ቅጻቸው ላይ ብዙም አይታይም። ካሁን ወዲያ ከውጭ ለሚመጣ ጥናት ሁሉ ለመዝጊያው የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ በአገር ውስጥ ይቀመጥ ቢባል፣ ለእኔ ከብዙ ሥልጠና ይልቅ ይህ ይጠቅማል። ለቤት ኪራይ እንኳ ቅድሚያ ክፍያ እንጠይቅ የለ?

ወደ ቢሳው ልመለስ። ፌብሩዋሪ 2026 ላይ የዓለም ጤና ድርጅት በይፋ ተናገረ፤ የታሰበው ጥናት ሥነ ምግባራዊ አይደለም አለ። ጥናቱን ያቆመው ግን ከሁለቱ ባላዎች አንዱም አልነበረም። ጩኸቱ ከውጭ ነው የመጣው፤ ከጋዜጠኞች፣ ከሌሎች ሳይንቲስቶች፣ ከአፍሪካ የጤና ባለሙያዎች። የአገሪቱ መንግሥት ኋላ ነው የደረሰው፤ ራሱ በኅዳር ወር በመፈንቅለ መንግሥት የመጣ መንግሥት ነው፤ ያም ሆኖ ‘ይቆይ’ የሚለውን ቃል የተናገረው እሱ ነው። ክርክሩ በሦስት አህጉር ሲካሄድ በከረመባቸው በእነዚያ ወራት ቢሳው ውስጥ የተወለዱት ሕፃናት የመጀመሪያውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባታቸውን ይጠብቁ የነበረው እንደ ድሮው እስከ 6ኛ ሳምንታቸው ነው።